መጽሐፉ ከማን አጠገብ ይቀመጥ? የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ልማድ ከአገር አገር

በ1963 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተላከለትን አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሳይቀበለው ቀረ። መጽሐፉን ያሳተመው ኤድ ሩሼይ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ነበር። ከሎስ አንጀለስ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆሙ ሃያ ስድስት የቤንዚን ማደያዎችን በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ከማሳየቱና የየማደያውን ስምና ቦታ ከመጥቀሱ በስተቀር፣ በውስጡ ይህ ነው የሚባል የሚነበብ ጽሑፍ አልነበረበትም። ሩሼይም በተከታዩ ዓመት በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ መጽሐፉ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውድቅ መደረጉን ራሱን የማስታወቂያው ርእስ አደረገው። ዛሬ ያው መጽሐፍ በታላላቅ የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ከብርቅዬ ሥራዎች ጋር ተቆልፎ ይቀመጣል። ስለ ምን እንደተጻፈ ለሚጠይቅ ባለሙያ መጽሐፉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ራሱ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ግን ከፎቶግራፎቹ ቅደም ተከተል እስከ ሽፋኑ ፊደል ድረስ የሥነ ጥበብ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የሕዝብ ወይም የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስለ ሥዕል፣ ስለ ቅርፃ ቅርፅና ስለ ሕንፃ ጥበብ የተጻፉ መጻሕፍትን በብዛት ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ብቻውን ግን የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት አያሰኘውም። የዚህ ዓይነቱ ቤተ መጻሕፍት ዋና ሀብት በመጻሕፍት መደብር የማይገኘው ነው፦ ለአንድ ዐውደ ርእይ ተብሎ በጥቂት ቅጂ ታትሞ ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ አብሮ የሚጠፋ ካታሎግ፣ የሐራጅ ቤቶች ከሽያጭ በፊት የሚያሰራጩት ዝርዝር፣ የመክፈቻ ዕለት የጥሪ ካርድ፣ የጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ናሙና የተለጠፈበት የነጋዴ ደብተር፣ በካርቶን ላይ የተጣበቀ የሥዕል ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም እንደ ሩሼይ ያለ ሠዓሊ በመጽሐፍ መልክ የሠራው ሥራ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር እንኳ የላቸውም። ሕግ አስገድዶ አሳታሚዎች ከየሕትመቱ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስገቡ በሚደረግበት አገር ሳይቀር፣ እንዲህ ያለው ወረቀት ከመረቡ ሾልኮ ያመልጣል፤ ስለዚህ የሚተርፈው አንድ ሰው አስቦ ሲሰበስበው ብቻ ነው።

የሚሰበሰበው ነገር ዓይነቱ ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። የሚለያየው ለማን ተብሎ እንደተሰበሰበ ነው። ይህን የወሰኑት መሥራቾቹ ሲሆኑ፣ ውሳኔያቸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም በካታሎጉ አሠራር፣ በመደርደሪያው ቅደም ተከተልና ወደ ንባብ ክፍሉ ለመግባት በሚጠየቀው መታወቂያ ላይ ይታያል።

ለንደንን እንውሰድ። በ1830ዎቹ የእንግሊዝ መንግሥት ያሳሰበው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሳይሆን ንግድ ነበር፤ የአገሪቱ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት ጨርቅና ሸክላ በንድፍ ውበት ከፈረንሳይ ዕቃ ያንሳል የሚል ቅሬታ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለነበር፣ በ1837 በሱመርሴት ሐውስ የንድፍ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለተማሪዎቹ የተሰበሰቡት መጻሕፍት እያደጉ ሄደው ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ሆኑ። ሙዚየሙ በ1857 በደቡብ ኬንዚንግተን ሲከፈት፣ ቀኑን ሲሠራ የዋለ ሠራተኛ ማታ መጥቶ እንዲያይ ተብሎ አዳራሾቹ በጋዝ መብራት እንዲበሩ መደረጋቸው የዘመኑን አስተሳሰብ በደንብ ያሳያል። ቤተ መጻሕፍቱ የዳንቴል ንድፍ፣ የወንበር ነጋዴ ዋጋ ዝርዝርና የፊደል ቀራጭ ናሙና ከታላላቅ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት እኩል ክብር የሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው። መጽሐፉ ከግቢው አይወጣም፤ ተመዝግቦ መቀመጥ ግን የምሁር ማዕርግ አይጠይቅም።

በርሊን ይህንኑ መንገድ ተከትላ በ1867 ለዕደ ጥበብ ሙዚየሟ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመች፤ የዛሬው ኩንስትቢብሊዮቴክ መነሻው እሱ ነው። በ1899 ፍራንትስ ፎን ሊፐርሃይደ የተባለ የፋሽን መጽሔት አሳታሚ ስለ አልባሳት ታሪክ ሲሰበስብ የኖረውን ሁሉ ለዚያው ተቋም አስረከበ፤ ስብስቡ በዘርፉ በዓለም ካሉት ታላላቆች አንዱ ነው። የሞስኮው የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ1922 ከማሊ ቴአትር የድራማ ትምህርት ቤት ጋር ተያይዞ ተወለደ፤ ስለዚህም ደንበኛው የመድረክና የፊልም ሰው ነው። የአልባሳት ንድፍ ባለሙያ ስለ አንድ ዘመን መኮንን ደረት ቁልፍ ወይም ስለ አንዲት የነጋዴ ሚስት ሻሽ አስተሳሰር ሊጠይቅ ይመጣል። ፍለጋው የሚጀምረው ከሥዕላዊ ካርዶች፣ ከቆዩ ፎቶግራፎችና ከመጽሔት ሥዕሎች ነው፤ መጽሐፍ ካስፈለገም በኋላ ይመጣል።

የሠሪውን ቤተ መጻሕፍት እዚህ ላይ ትተን ወደ ተመራማሪው ስንሻገር የምናገኘው የጀርመንን ልማድ ነው፤ የሚገርመው ግን ከሁሉ የታወቁት ሁለቱ የጀርመን የሥነ ጥበብ ታሪክ ቤተ መጻሕፍት በጀርመን አይገኙም። አንዱ በፍሎረንስ በ1897 ሲመሠረት መጻሕፍቱ የተደረደሩት በመጀመሪያው ዳይሬክተር በሃይንሪሽ ብሮክሃውስ መኖሪያ ቤት ነበር። ሌላው በሮም ሄንሪየተ ሄርትስ የተባለች ባለጸጋ ሴት ቤተ መንግሥቷንና መጻሕፍቷን ባበረከተችበት፣ በ1913 በተከፈተውና ስሟን በያዘው ተቋም ውስጥ ነው። የአትክልት ሥፍራው በር የጭራቅ አፍ ሆኖ የተቀረጸበት የሮሙ ቤት፣ መንገደኛ ቆሞ ፎቶ ሳያነሣው አያልፍም። ሁለቱም ዛሬ ማክስ ፕላንክ ማኅበር በተባለው የጀርመን የምርምር ድርጅት ሥር ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥዕሉ ጣሊያን አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ካለ መጽሐፉም እዚያው ይሁን፤ ተመራማሪው ጠዋት ሥዕሉን አይቶ ከሰዓት ስለ ሥዕሉ የተጻፈውን ያንብብ።

የጀርመኑ ልማድ ትልቁ ስጦታ ግን ካታሎጉ ይመስለኛል። አንድ ምሁር ስድሳ ዓመት ሲሞላው ባልደረቦቹ ለክብሩ ሠላሳ መጣጥፎች የያዘ መድበል ያሳትማሉ እንበል። በተለመደው የእንግሊዝና የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት አሠራር ይህ መድበል አንድ መዝገብ ብቻ ያገኛል፤ ርእሱ፣ አዘጋጁ፣ ዓመቱና የገጹ ብዛት ይጻፋል፤ በውስጡ በአሥራ ሁለት ገጽ ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተጻፈው መጣጥፍ ግን በካታሎጉ ዘንድ እንዳልተወለደ ይቆጠራል። በፍሎረንስ፣ በሮምና በሙኒክ ያሉት ተቋማት ግን መድበሉን ገልጠው እያንዳንዱን መጣጥፍ ለየብቻው ይመዘግባሉ፤ የሠዓሊውንም፣ የከተማውንም፣ የሥራውንም ስም ያያይዙበታል። መጽሔት ሲደርሳቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህን የጋራ ካታሎግ፣ ኩቢካት በሚባል ስም፣ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ በነፃ ሊፈልግበት ይችላል። በመጽሐፍ ርእስ ፈልጎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው እዚህ ሲገባ የሚያገኘው ብዛት ያስደነግጠዋል። ሥራው አድካሚ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ይህን ሥራ በክፍያ ለሚሸጡ የመጣጥፍ ማውጫዎች ሲተዉት ጀርመኖቹ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ግዴታ አድርገው ያዙት።

የሙኒኩን ተቋም ካነሣን አይቀር፣ በ1946 ሲቋቋም የተሰጠው ሕንፃ የናዚ ፓርቲ የአስተዳደር ሕንፃ የነበረ ሲሆን፣ ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ናዚዎች ከመላው አውሮፓ የዘረፏቸው ሥዕሎች ለባለቤቶቻቸው እስኪመለሱ ተሰብስበው የነበሩትም በዚሁ ቅጥር ነው። ሥዕሎቹ ወጡ፣ መጻሕፍቱ ገቡ። ዛሬም ስለ ተዘረፉ ሥራዎች የሚጠይቅ ተመራማሪ የሚያንኳኳው አንዱ በር ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዘር ሥዕሉን ራሱን በፎቶግራፍ የሚሰበስበው ነው፤ መጽሐፍ እዚህ ረዳት እንጂ ዋና አይደለም። ለንደን ውስጥ ሰር ሮበርት ዊት የተባሉ የሕግ ባለሙያ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ከመጽሔት፣ ከሐራጅ ካታሎግና ከፎቶግራፍ ነጋዴ ያገኙትን የሥዕል ቅጂ ሁሉ እየቆረጡ በሠዓሊ ስም ሲደረድሩ ኖሩ፤ ስብስቡ በኋላ ኮርቶልድ ኢንስቲትዩት ለተባለው የለንደን የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋም ተላልፎ ወደ ሁለት ሚሊዮን ምስሎች ደረሰ። ይህን የጎበኘችው አሜሪካዊቷ ሄለን ክሌይ ፍሪክ በ1920 በኒው ዮርክ ተመሳሳዩን ስትጀምር፣ መጀመሪያ ያስቀመጠችው በአባቷ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ባለው የቦውሊንግ መጫወቻ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺዎችን ወደ ገጠር ቤተ ክርስቲያናትና ወደ ግለሰቦች ሳሎን እየላከች ማንም ያላነሣቸውን ሥራዎች አስነሣች። በ1932 ደግሞ ኔዘርላንድ በሔግ ከተማ ራሷን የቻለች እንዲህ ያለች ማዕከል አቋቋመች፤ መሠረት የሆኗት ሁለት የአገሪቱ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት፣ ኮርኔሊስ ሆፍስቴደ ደ ክሮት በኑዛዜ የተዋቸውና ፍሪትስ ሉኽት የሰጣቸው ስብስቦች ናቸው።

ከእነዚህ ካርቶኖች አንዱን በእጅ ይዞ ማየት ያስተምራል። ፎቶግራፉ በግራጫ ወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፏል። ከላይ የሠዓሊው ስም በቀለም ተጽፏል፤ ከዓመታት በኋላ የመጣ ሰው በእርሳስ ሰርዞ ከጎኑ የተማሪውን ስም አኑሯል፤ ሦስተኛው ደግሞ የጥያቄ ምልክት ጨምሮ የራሱን ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ዓመቱን ጽፏል። ጀርባው ሲገለጥ ሥዕሉ በስንት ዓመት በየትኛው ከተማ እንደተሸጠ፣ ማን እንደገዛው፣ ከየትኛው መጽሔት እንደተቆረጠ ይገኛል። አንድ ሥዕል የእገሌ ነው ወይስ የእገሌ ተማሪ በሚለው ክርክር የመቶ ዓመት ሐሳብ በአንዲት ካርቶን ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። በፍሎረንስ አቅራቢያ በቪላ ኢ ታቲ ይኖር የነበረው በርናርድ ቤረንሰን በዚህ ሥራ ወደር አልነበረውም፤ በ1959 ሲሞት ቤቱን፣ መጻሕፍቱንና ፎቶግራፎቹን ለተማረበት ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተወ። ዛሬ የት እንዳሉ የማይታወቁ ሥራዎችን «ቤት የለሽ» ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ ከእነዚህ የአንዳንዶቹ ሕልውና የሚታወቀው በእሱ ሣጥን ውስጥ ባለች ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

የፎቶግራፍ ስብስብ የሰላም ጊዜ ቅንጦት ብቻ አለመሆኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታየ። በ1943 የፍሪክ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢ ተዘግቶ፣ የአውሮፓን ቅርስ ለመጠበቅ የተቋቋመ የምሁራን ኮሚቴ ተቀመጠበት፤ ምሁራኑም የኅብረቱ ጦር አውሮፕላኖች ሊቆጠቧቸው የሚገቡ ቤተ ክርስቲያናትንና ሐውልቶችን በከተማ ካርታዎች ላይ ምልክት አደረጉ።

እስካሁን ለማን የሚለውን አየን፤ ርእሱ ላይ የተነሣው ጥያቄ ግን መጽሐፉ ከማን አጠገብ ይቀመጥ የሚለው ነበር፤ በዚህ ረገድ ከአቢ ዋርቡርግ ቤተ መጻሕፍት የበለጠ የተጨነቀበት አላውቅም። ዋርቡርግ በ1866 በሃምቡርግ ከባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ የተወለደ የበኩር ልጅ ነው። ወንድሙ ማክስ እንደተረከው፣ አቢ በአሥራ ሦስት ዓመቱ የብኩርናውን መብት ለማክስ ሲለቅ የጠየቀው ዋጋ የሚፈልገውን መጽሐፍ ሁሉ ዕድሜ ልኩን እንዲገዛለት ነበር። ማክስ ነገሩን እንደ ልጅነት ቀልድ ቆጥሮ እሺ አለ፤ ዕዳውን ሲከፍል ኖረ።

ዋርቡርግ መጻሕፍቱን በደራሲ ስም፣ በዘመን ወይም በቁመት ብቻ መደርደር አልተዋጠለትም። አንድ አንባቢ የሚያውቀውን መጽሐፍ ፈልጎ ሲመጣ በእርግጥ የሚያስፈልገው ከአጠገቡ ያለውና ስሙን እንኳ ያልሰማው ሊሆን ይችላል የሚል እምነት ነበረው፤ ይህንንም የመልካም ጎረቤት ሕግ ይለው ነበር። ስለዚህ የከዋክብት ጥንቆላ መጻሕፍት ከሥነ ፈለክ ታሪክ፣ አስማት ከሳይንስ ጎን ተቀመጡ፤ የሥዕል መጽሐፍ ሥዕሉ የታየበትን በዓል፣ በዓሉም የሚከበርበትን እምነት እየሳበ ይመጣል። በሐሳቡ ላይ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር መደርደሪያው ይፈርስና ዳግም ይደረደር ነበር፤ ለሠራተኞቹ ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዋርቡርግ በ1929 ሞተ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 መጨረሻ ወደ 60,000 የሚጠጉ መጻሕፍት በሁለት ትናንሽ መርከቦች ተጭነው ከሃምቡርግ ወደ ለንደን ተሻገሩ፤ በ1944 ስብስቡ የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ዛሬም ምስል፣ ቃል፣ አቅጣጫና ተግባር በሚሉ አራት ክፍሎች ተከፍሎ በየፎቁ ተደርድሯል፤ አንባቢውም ራሱ በመደርደሪያዎቹ መካከል ይንሸራሸራል።

የዚህ ዋጋ የሚገባን ከተለመደው የአውሮፓ አሠራር ጋር ስናነጻጽረው ነው። በብዙ የአውሮፓ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ወደ መጋዘኑ አይገባም፤ ጥያቄውን ጽፎ ይሰጣል፣ መጽሐፉ ይመጣለታል። አንባቢ የማይገባበት መጋዘን በርእሰ ጉዳይ መደርደር አያስፈልገውም፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል መጻሕፍቱ በቁመታቸውና በገቡበት ተራ ቁጥር ይቀመጣሉ። እዚያ የአንድ መጽሐፍ ጎረቤት በዚያው ሳምንት የተገዛ፣ በቁመት የሚተካከለው ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ሌላ ዝምድና የላቸውም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተማሪው በመደርደሪያዎች መካከል ገብቶ ራሱ እንዲፈልግ የመፍቀድ ልማድ ስር ስለሰደደ፣ መጽሐፉ የት ክፍል ይግባ የሚለው ምደባ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል።

ምደባው ደግሞ ስለ ሥነ ጥበብ ምንነት የተደበቀ አቋም አለው። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ በ1876 ባወጣው፣ መጻሕፍትን በቁጥር በሚመድበው የአሥርዮሽ ሥርዓት ሥነ ጥበብ ከ700 ይጀምራል፤ ሕንፃ፣ ቅርፃ ቅርፅ፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ ተከታትለው ይመጡና ሙዚቃ በ780 ላይ፣ ጨዋታና ስፖርት በ790 ላይ ይደመድሙታል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ሙዚቃን ለብቻው አውጥቶ ፎቶግራፍን ከምሕንድስና ጋር በቴክኖሎጂ ክፍል ውስጥ አስገብቶታል። በዚህ ምክንያት የአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራዎች በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሥዕል ጎን፣ እዚያው ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ ከኬሚካልና ከማሽን መጻሕፍት ሰፈር ሊገኙ ይችላሉ።

ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወጥተን ቻይናን ስናይ ልዩነቱ ይሰፋል። ከ1773 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ትእዛዝ የተሰበሰበው ታላቁ የመጻሕፍት ስብስብ፣ በጥንቱ ልማድ መሠረት ጥንታውያን መጻሕፍት፣ ታሪክ፣ ሊቃውንትና ሥነ ጽሑፍ ተብሎ በአራት ተከፍሏል። ሥነ ጥበብ ከግብርና፣ ከሕክምናና ከሥነ ፈለክ ጋር በሊቃውንት ክፍል ሲገባ፣ በውስጡ የሚገኙት የብዕር ጽሕፈትና ሥዕል፣ ቺን የሚባለው የክር መሣሪያ፣ የማኅተም ቀረጻና እንደ ሠሌዳ ጨዋታ ያሉ ክህሎቶች ናቸው፤ አንድ የተማረ ሰው በትርፍ ጊዜው ራሱን የሚያንጽባቸው ማለት ነው። የሕንፃ ግንባታ መመሪያ የሆነው ጥንታዊ መጽሐፍ ግን በዚያ የለም፤ ግንባታ የመንግሥት ሥራ ነውና በታሪክ ክፍል ከአስተዳደር ደንቦች ጋር ተቀምጧል። ከዲዊ ጋር ሲነጻጸር ጨዋታን ከሥዕል ጋር በማስቀመጥ የተስማሙ መሆናቸው ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ ምክንያታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ፈረንሳይ የመንግሥት አገር ናት። ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1537 ከታተመው ሁሉ አንድ ቅጂ ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ አዘዙ፤ በ1667 ደግሞ የሉዊ 14ኛ መንግሥት ከአባ ሚሼል ደ ማሮል ከ100,000 በላይ የሕትመት ሥዕሎችን ገዝቶ ዛሬ የብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የሕትመት ሥዕል ክፍል የሆነውን መሠረተ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ቤተ መጻሕፍቱ ግን የመጣው ባልተጠበቀ በኩል ነው። ዣክ ዱሴ የተባለ የፓሪስ ልብስ ነዳፊ ለተመራማሪዎች ይሆናል ብሎ በገዛ ገንዘቡ ያደራጀውን ቤተ መጻሕፍት በ1917 ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ያ ስብስብ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ፣ በ2001 የተቋቋመው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋም ንብረት ሆኖ፣ ዛሬ አንሪ ላብሩስት በ1868 ባስረከበው አዳራሽ ውስጥ ይነበባል። በቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች ላይ ያረፉት ዘጠኝ ጉልላቶች ብርሃን ያወርዳሉ፤ ከመደርደሪያዎቹ በላይ ባለው ግድግዳ የዛፍ ጫፎች ተሥለዋል፤ አንባቢው ቀና ሲል አትክልት ቦታ የተቀመጠ እንዲመስለው። ጀርመን ግን እንዲህ በአንድ ከተማ አትሰበስብም፤ የሥነ ጥበብ ታሪክን በብሔራዊ ደረጃ የመሰብሰብ ኃላፊነት የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሲወስድ፣ የዘመናችን ሥነ ጥበብ ለድሬስደን ተሰጥቷል። በአሜሪካ ደግሞ የባለጸጎች ስም በየበሩ ላይ ይነበባል፤ የሎስ አንጀለሱ ጌቲ የምርምር ተቋም ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥራዞች አሉት።

በጃፓን ከሁሉ የሚያስቸግረው የዐውደ ርእይ ካታሎግ ነው። ታላላቅ ዐውደ ርእዮችን ጋዜጣ አሳታሚ ድርጅቶች ከሙዚየሞች ጋር ሆነው ስለሚያዘጋጁ፣ ካታሎጉም ብዙ ጊዜ በአዳራሹ በር ላይ ብቻ ይሸጥና በመጻሕፍት ገበያው ውስጥ ሳያልፍ ይቀራል። በዚያ ላይ የሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የሠራተኞቹ ብቻ ነበሩ፤ የቶኪዮ ከተማ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1976 የንባብ ክፍሉን ለማንም ሰው መክፈቱ ትልቅ ለውጥ ነበር። በ2007 የተከፈተው የቶኪዮ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል የራሱ ቋሚ የሥዕል ስብስብ የለውም፤ የሚሰበስበው ካታሎግ ነው።

ሆንግ ኮንግ ላይ በ2000 የተቋቋመው የእስያ ሥነ ጥበብ መዝገብ የተነሣው ከዚህ ከባሰ ችግር ነው፤ የእስያ የዘመናችን ሠዓሊያን ሥራ በዓለም እየታወቀ ሲሄድ ስለ ሥራቸው የሚመሰክረው ወረቀት ግን በየሠዓሊው አልጋ ሥር ነበር። ተቋሙ ደብዳቤውን፣ ፎቶግራፉንና የጥሪ ካርዱን በዲጂታል ቀድቶ ለሁሉ በነፃ ከመክፈቱም በላይ፣ ብዙ ጊዜ ዋናውን ለባለቤቱ ይተውለታል። ንብረት ሳያከማቹ ቤተ መጻሕፍት መሆን ይቻላል የሚለው ይህ አካሄድ ከአውሮፓው ልማድ በጣም የራቀ ነው። የአፍሪካ ሥነ ጥበብ መጻሕፍት ዕጣ ግን ለረጅም ጊዜ በሌሎች እጅ ነበር፤ በምዕራቡ ምደባ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ከሥዕል ክፍል ውጪ፣ በሕዝቦች ባህል ጥናት ውስጥ ነው። በኒው ዮርክ በ1950ዎቹ የተቋቋመው ሙዚየም ራሱ «የጥንተ ኋላ ቀር ጥበብ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዞ ነበር፤ ሥራዎቹና መጻሕፍቱ ወደ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሲዛወሩ ቤተ መጻሕፍቱ በመጀመሪያው ዳይሬክተር በሮበርት ጎልድዋተር ስም መጠራቱ ያንን ስም ለማራገፍ ረድቷል።

ከሁሉም ወረቀት ዋጋው ባልተጠበቀ ሁኔታ የናረው የሐራጅ ካታሎግ ነው። በሽያጩ ዕለት የተገኘ ሰው በኅዳጉ ላይ ዋጋውንና የገዢውን ስም ስለሚጽፍ፣ ሁለት ቅጂ ያለው ቤተ መጻሕፍት አንዱን ትርፍ ነው ብሎ መጣል አይችልም። ፍሪትስ ሉኽት ከ1600 እስከ 1925 የተካሄዱ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሽያጮችን መዝግቦ፣ የየካታሎጉ ቅጂ በየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደሚገኝ ጭምር አመልክቷል። በ1998 በዋሽንግተን 44 አገሮች ናዚዎች የዘረፏቸውን ሥራዎች ለመለየት መርሆዎችን ከተቀበሉ በኋላ፣ አንድ ሥዕል በ1937 በማን እጅ እንደነበር ማወቅ የፍርድ ጉዳይ ሆነ። የሃይደልበርግ ቤተ መጻሕፍት ከበርሊኑ ኩንስትቢብሊዮቴክና ከጌቲ ጋር በመተባበር ከ1930 እስከ 1945 የታተሙ ከ3,000 በላይ የሐራጅ ካታሎጎችን ቀድቶ ለማንም ክፍት አድርጓል፤ የተቀማውን ሥዕል የሚፈልግ ቤተሰብ ዛሬ ከቤቱ ሳይወጣ ገጽ በገጽ ሊያይ ይችላል።

እንዲህ ያለው መከፈት ግን የሚቆምበት ወሰን አለ። በአውሮፓ የሠዓሊ የቅጂ መብት ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ ፒካሶ የሞተው በ1973 በመሆኑ ሥዕሎቹ እስከ 2043 መጨረሻ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቤተ መጻሕፍት የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ካታሎግ ለዓለም ሲከፍት፣ የ1950ዎቹን የፒካሶ ዐውደ ርእይ ካታሎግ ቢቀዳው እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው በንባብ ክፍሉ ውስጥ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ አንባቢውም ካርዱን አውጥቶ፣ ቦርሳውን በሣጥን ቆልፎ፣ እርሳሱን ብቻ ይዞ ይገባል።